አባቴ አምስተኛው ፎቅ ላይ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ባለው ነፋሻ ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል፤ ደስ የሚልም የሚያበሳጭም። ያን ቀን ግን ከአእምሮዬ ማውጣት አልቻልኩም። ዛሬም ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ወደ ላይ ቀና ስል መጀመሪያ የሚመጣብኝ እሱ ነው።

የምኖረው መሐል ሜዳ ነው። በዋናው መንገድ ዳር አንዲት ትንሽ የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ። ከሱቄ ፊት ለፊት፣ ድሮ የቆርቆሮ ቤቶች በነበሩበት ቦታ ላይ፣ ትልቅ ሆቴል እየተሠራ ነው። ለእኛ ከተማ እንዲህ ያለ ረጅም ፎቅ አዲስ ነገር ነው። ገበያተኛው አህያውን አቁሞ ያየዋል። ከደብረ ብርሃን የሚመጣ ሚኒባስ ሲደርስ ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን በመስኮት ያወጣል። ደንበኞቼ ኮፒ እስኪወጣላቸው በሬ ላይ ቆመው ስንት ክፍል እንደሚኖረው፣ አሳንሰር ይገባለት እንደሆነ ይከራከራሉ።

እኔ ግን ገና ከጅምሩ አልወደድኩትም። ምክንያቴ ታናሽ ወንድሜ ደምሰው ነው። ደምሰው አዲስ አበባ የቀን ሥራ ሲሠራ ከአምስተኛ ፎቅ ወድቆ ነው የሞተብን። ያኔ አራት ዓመት ሊሞላው ነበር። ጓደኞቹ በሣጥን አድርገው አገር ቤት አመጡልን። አባቴ ሣጥኑ ይከፈት ብለው ለመኑ፤ ሽማግሌዎቹ ግን አይሆንም አሉ። "ወዲያው ነው ያረፈው፣ አልተሠቃየም" እያልን ሁላችንም ነገርናቸው። ከተቀበረ በኋላ ግን ማንም ስለ አሟሟቱ አንሥቶ አያውቅም ነበር። እኔም አላነሣም፤ አባቴና እናቴም አያነሡም ነበር። እና ፊት ለፊቴ አጣና ላይ ሰው ተንጠላጥሎ እንዳላይ ጀርባዬን ሰጥቼ መሥራት ለምጄ ነበር።

አባቴ ከራቤል ወዲያ ባለች ገጠር ገብስ አርሰው፣ በግ አርብተው ያሳደጉን ገበሬ ናቸው። ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ሞራ ጋርዶባቸው ስለነበር ወደ እኔ አመጣኋቸው። ደብረ ብርሃን ወስጃቸው አንዱ ዓይናቸው ተሠራላቸው። ሐኪሙ ሁለተኛውን ለማሠራት እስኪመለሱ ድረስ ከነፋስና ከአቧራ ይጠበቁ፣ ጥቁር መነጽርም ያድርጉ አለን። ስለዚህ እኔ ጋ ቆዩ።

ቤት ውስጥ ብቻቸውን መቀመጥ አልሆነላቸውም። ጠዋት አብረውኝ ይወጡና ሱቄ በር ላይ በርጩማ አውጥቼላቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ። ዓይናቸው ሳይሠራ በፊት አርማታ የሚያቦካውን የሚክሰሩን ድምፅ እየሰሙ፣ "የት ደረሱ?" እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ከተሠራላቸው በኋላ ራሳቸው አዩት። ቀኑን ሙሉ ቀና ብለው ሲመለከቱ ይውላሉ። የሚያልፈው ሠራተኛ ሁሉ ሰላም ይላቸው ጀመር። እኔ መዝናኛ ያገኙ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ሽማግሌ ሰው ምን ያድርግ፣ ፎቅ ሲያድግ ይመልከት እንጂ፣ አልኩ።

አንድ ቀን "ሙሉ፣ አሁን የሚሠሩት ስንተኛውን ነው?" አሉኝ። የአምስተኛው ወለል አርማታ ከፈሰሰ መሰንበቱን፣ አሁን የስድስተኛውን እያዘጋጁ መሆኑን ነገርኳቸው።

"አምስተኛውማ ደርሷል በይኛ" አሉና ቀና ብለው ወደ ፎቁ አዩ።

እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በዚያው ሳምንት የገበያው ቀን መብራት ጠዋት ጠፍቶ አርፍዶ መጣ። መብራት ሲመጣ እንግዲህ የእኔ ሱቅ ንብ የወረረው ነው የሚመስለው። መታወቂያ ኮፒ የሚያደርገው፣ ማመልከቻ የሚያስጽፈው፣ ጉርድ ፎቶ የሚፈልገው ሁሉ አንዴ መጣ። ፋታ ሳገኝ ለአባቴ ምሳ ላቀርብ ብወጣ በርጩማው ባዶ ነው። ከዘራቸው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

ያለ ከዘራ ሩቅ አይሄዱም ብዬ መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ጓሮ ዞርኩ፤ የሉም። ጎረቤቴን ባለ ሥጋ ቤቱን ጠየቅኩት፤ አላየሁም አለ። ሱቁን ለእሱ አደራ ብዬ ወደ ቤት ሄድኩ፤ በሩ እንደተቆለፈ ነው። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ። ቅጥሩን ዞሬ፣ ከዛፉ ሥር የተቀመጡትን አዛውንት ሁሉ አንድ በአንድ አየሁ። የሉም።

ሰሞኑን "በጎቹን ማን ያያቸዋል፣ አገሬ ልግባ" ይሉኝ ስለነበር ያለ እኔ ፈቃድ መኪና የተሳፈሩ መሰለኝ። መናኸሪያ ስደርስ የራቤሉ መኪና ከወጣ ቆይቷል። ረዳቶቹን ጠየቅኩ። አንዱ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተሳፍረዋል አለኝ፤ ሌላው ደግሞ በገበያ ቀን ጋቢ ያልለበሰ ሽማግሌ የት አለና ብሎ ሳቀ። እናቴ ጋ ልደውል ስልኬን አወጣሁና መልሼ ከተትኩት። ምን ብዬ ነው የምነግራት? አንዱን ልጇን ከተማ በልቶባት፣ አሁን ባልሽ ጠፋ ልበላት?

መንገድ ስተው ገደል አፋፍ ሄደዋል፣ መኪና ገጭቷቸዋል፣ ያልመጣብኝ ሐሳብ የለም። እንዲያው ልቤ እንደጠፋ ወደ ሱቄ ስመለስ ከሆቴሉ ሥር ሰው ተሰብስቧል። ሁሉም ወደ ላይ ያያል። መንገድ ዳር የተቀመጠችው ድንች ሻጭ ሳትቀር ጆንያዋን ትታ ቆማለች።

አንድ የባጃጅ ሹፌር "እኒህ ሽማግሌ ምን ሊሠሩ ነው እዚያ የወጡት?" ሲል ሰማሁ።

ቀና አልኩ። ግድግዳ ባልተሠራለት ወለል ጫፍ ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ነፋሱ ጋቢውን እያርገበገበው ነው። ፊቱ አይታየኝም። ግን የአባቴን አቋቋም ከየትም አውቀዋለሁ። ወለሎቹን በዓይኔ ሽቅብ ቆጠርኳቸው፤ አባቴ አምስተኛው ላይ ናቸው።

አባቴ ልጃቸው እንደሞተው ሊሞቱ የወጡ መሰለኝ። እነዚያን ሁሉ ቀናት ሱቄ በር ላይ ተቀምጠው የሚያዩት ይህን እንደነበረ፣ እኔም ይዝናናሉ ብዬ በርጩማ እንዳቀረብኩላቸው በአንድ ጊዜ ገባኝ። ልጮህ አፌን ስከፍት ከእኔ ቀድሞ ከሕዝቡ አንዱ "አባት፣ ይመለሱ!" ብሎ ጮኸ። አባቴ ድምፁን ሰምተው ወደ ታች ጎንበስ አሉ። ሕዝቡ ሁሉ "ውይ" አለ።

በዚያን ሰዓት ነው አንዲት ሴት ከአሸዋው ክምር አጠገብ የተነሣችው። ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ምሳ እየበላች ነበር። ልብሷ በሲሚንቶ ነጭ ሆኗል፣ ራሷን በቢጫ ሻሽ ጠምጥማለች። በዕድሜ የእኔ እኩያ ብትሆን ነው። እጇን ወደ ሕዝቡ ዘርግታ፣ "አትጩሁባቸው። ሰው ከታች ሲጠሩት ወደ ታች ነው የሚያየው" አለች። ሕዝቡ ጸጥ አለ። ከዚያ እኔን አየችኝ።

"ምንሽ ናቸው?"

"አባቴ ናቸው።"

"ነዪ። ነጠላሽን ወገብሽ ላይ እሰሪው። ግድግዳ ግድግዳውን ይዘሽ ተከተዪኝ።"

ስሟ ብርቄ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የማውቀው የያዘችኝን እጇን ብቻ ነበር፤ እንደ ድንጋይ የሻከረ እጅ።

ደረጃው ገና መደገፊያ አልተሠራለትም። በአንድ በኩል ግድግዳ ነው፣ በሌላው በኩል ባዶ። የእንጨት ፍቅፋቂና የተጣመመ ሚስማር በየቦታው ወድቋል። እኔ ከፍታ ስለምፈራ ወንበር ላይ ቆሜ አምፖል እንኳ አልቀይርም። ዘበኛው የት ሄዶ ነው ብዬ ብጠይቃት ምሳ ሊቀምስ ወጣ ብሎ ነበር አለችኝ። ዓይኔን ከጀርባዋ ሳላነሣ ወጣሁ። በየፎቁ ሰው ከታች ሲጮኽ እንዳልሰማ እየጸለይኩ ነበር። ከጮኹ አባቴ ወድቀዋል ማለት ነው።

አምስተኛው ፎቅ ስንደርስ የላይኛውን ወለል አርማታ የደገፉት የባሕር ዛፍ አጣናዎች እንደ ጫካ ቆመዋል። አባቴ ከአጣናዎቹ ማዶ፣ ጫፉ ላይ፣ አንዱን አጣና በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ልሮጥ ስል ብርቄ ክንዷን ደረቴ ላይ ዘርግታ ከለከለችኝ። ከእሳቸው ራቅ ብላ ብሎኬት ላይ ተቀመጠች፤ ቤቷ የመጣ እንግዳ እንደምታነጋግር ሆና ቀስ ብላ አናገረቻቸው።

"እንደምን ዋሉ አባባ? እዚህ ነፋሱ ለዓይን አይሆንም። እስቲ ወደዚህ ጠጋ ብለው አረፍ ይበሉ።"

አባቴ ዞር አሉ። እሷን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

"መጣሽ እንዴ" አሉኝ፤ ከቤተ ክርስቲያን ልመልሳቸው የመጣሁ ይመስል። ከዚያ ቀስ ብለው አጣና አጣናውን እየያዙ መጡና ብርቄ አጠገብ ተቀመጡ።

ጋቢያቸውን በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩ። ከዚያ ምን እንደመጣብኝ አላውቅም፣ በሕይወቴ ደፍሬ የማላናግራቸውን አባቴን ተቆጣኋቸው። ምን ሊያደርጉ ነው የመጡት፣ እኔንስ አላሰቡም፣ እናቴንስ አልኩ። አባቴ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ደምሰው ከአምስተኛ ነው የወደቀው አላችሁኝ" አሉ። "አምስተኛ ስትሉኝ እኔ ምን አውቃለሁ። የማውቀው ገደል ነው። ገደል የገባ በግ ታች እስኪደርስ ድረስ ይጮኻል፤ ድምፁን ትሰሚዋለሽ። ልጄም እስኪደርስ ድረስ ጠርቶኝ ይሆን እያልኩ ነው የኖርኩት።"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ብርቄም አንገቷን ደፋች።

አባቴ ቀጠሉ። መጀመሪያ በጓሮ በኩል፣ ሰው በሌለበት ሄደው ከወለሉ ላይ ድንጋይ አንሥተው ወደ ታች መልቀቃቸውን ነገሩን። እንዲያው አልነበረም የለቀቁት። ድንጋዩን ሲለቁ እሳቸው በልጃቸው ቦታ ሆነው ይጣራሉ።

"'አባዬ ድረሱልኝ' ብዬ ሳልጨርስ መሬት ደረሰ" አሉ። "ደግሜ ለቀቅኩ። አሁንም ሳልጨርስ ደረሰ። እንግዲያ ጊዜ አላገኘም። እውነታችሁን ነበር።"

ከዚያ በኋላ ወደ መንገዱ በኩል የመጡት ገበያውን ለማየት ነበር። የተሠራው ዓይናቸው ጥሩ ያይ እንደሆነ ሊሞክሩት። እስከ ማዶ ድረስ እያንዳንዱ አህያ እንደሚታያቸው ነገሩኝ። እኔ ታች ቆሜ ሞታቸውን ሳይ እሳቸው አህያ ይቆጥሩ ነበር። ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ፤ ለቅሶው አሸነፈ።

ብርቄ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ከእኔ ይልቅ ለአባቴ እንዲህ አለቻቸው፦ "የእኔም እናት ትደውላለች። በደወለች ቁጥር ምድር ላይ ነው የምሠራው እላታለሁ።"

አባቴ ራሷን በእጃቸው ዳሰሱና መረቋት። ምርቃቱን በሙሉ አላስታውሰውም። "እግርሽን ያጽናልሽ" ያሉት ግን ጆሮዬ ላይ ቀርቷል።

ያለፈ መስሎኝ ነበር። የባሰው ስንወርድ መጣ። አባቴ ሲወጡ ግድግዳውን እየዳበሱ ወጥተዋል፤ ሲወርዱ ግን የሚያዩት በአንድ ዓይን ብቻ ስለሆነ የደረጃውን ጥልቀት መለየት አልቻሉም፤ እግራቸውን ዘርግተው አየር ይረግጣሉ። ብርቄ ከፊት ሆና ወደ ኋላ እየሄደች እጃቸውን ይዛለች፤ እኔ ከኋላ ነኝ። አንዱ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ከአርማታው የወጣ የፌሮ ብረት ጋቢያቸውን ያዘው። አባቴ ምን እንደያዛቸው ሳያዩ በኃይል ሳቡት። ጋቢው ተቀደደ፣ እሳቸውም ባዶው ወዳለበት በኩል ተንገዳገዱ።

ብርቄ አልጮኸችም። በሙሉ ሰውነቷ ተወርውራ በእሳቸውና በባዶው መካከል ገባች፤ ወደ ግድግዳው ገፋቻቸው። እኔ ትከሻቸውን ይዤ ሦስታችንም ግድግዳው ላይ ተለጠፍን። የእሷ አንድ እግር ከደረጃው ጠርዝ ውጭ ነበር። ጥቁሩ መነጽር ከአባቴ ፊት ተስፈንጥሮ ወደ ታች ሄደ። ወዲያው ሲሰበር ሰማሁት። አባቴ የነገሩኝ እውነት መሆኑን በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ፤ አንድ ቃል የሚወጣበት ጊዜ እንኳ አልነበረም።

የቀረውን ደረጃ ሦስታችንም በመቀመጫችን ነው የወረድነው። ሕፃን ልጅ እንደሚወርደው፣ አንድ አንድ ደረጃ።

ታች ስንደርስ ካቦው፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ደርሶ ዘበኛውን ሰው ፊት ያብጠለጥለዋል። ዘበኛው ቁራሽ እንጀራ በእጁ እንደያዘ ቆሟል። አባቴ በመካከላቸው ገብተው ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን፣ ዘበኛው እንዳላያቸው፣ በእሳቸው ምክንያት ሰው ከእንጀራው እንዳይፈናቀል ለመኑ። ካቦው መጀመሪያ እሳቸውንም ሊቆጣ ነበር። የተቀደደውን ጋቢና የአባቴን ፊት ሲያይ ግን ቆቡን አወለቀ። ሕዝቡም ተበተነ። ድንች ሻጯ ለአባቴ ውኃ አመጣችላቸው።

ማታ አባቴ እናቴ ጋ እንድደውልላቸው ጠየቁኝ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን በመካከላችን አስቀመጥኩት። ፎቅ መውጣታቸውን ይደብቋታል ብዬ ነበር፤ ሁሉንም ነገሯት። ድንጋዩን፣ ጥሪውን፣ ጊዜ እንዳላገኘ። የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አነሣሁ።

"እኔም እሱኑ ነበር የማስበው" አለች እናቴ በመጨረሻ። "አንተን እንዳላስጨንቅህ ብዬ እንጂ።"

ወደ አራት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አንድ ጣራ ሥር አንድ ሐሳብ ይዘው፣ አንዱ ለሌላው ሲሸሽገው ኖረዋል። እኔም ከሁለቱም ሸሽጌ ነበር። እኔም ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ያው ጥያቄ ነበር።

የአባቴ ዓይን ምንም አልሆነም። ሐኪሙ አቧራ ገብቶበታል ብሎ ጠብታ ሰጠን። ከወራት በኋላ ሁለተኛውም ተሠራላቸውና አገራቸው ገቡ። ብርቄና እኔ እንደ እኅት ሆነናል። ከሥራ ስትወጣ እኔ ጋ ጎራ ብላ ሻይ እንጠጣለን። እናቷ ስትደውል አጠገቧ ከሆንኩ ዓይኔን አይታ ፈገግ ትላለች፤ ምድር ላይ ነኝ ማለቷን ግን አላቆመችም።

ሆቴሉ አሁን ሰባት ፎቅ ሆኗል። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ከተማችንን በእሱ ነው የሚለየው። ሰዉ ኮርቶበታል፤ እውነቱን ለመናገር እኔንም አንዳንዴ ያኮራኛል። ጭንቀቴ ግን አልለቀቀኝም፤ መልኩን ብቻ ነው የቀየረው። ያኔ ላለማየት ጀርባዬን እሰጥ ነበር። አሁን ሳላይ መዋል አልችልም። ነፋስ ሲነሣ ሥራዬን ትቼ በር ላይ እቆማለሁ። ደንበኞቼ ሕንፃውን የማደንቅ ይመስላቸዋል።

ባለፈው ሳምንት አባቴ ደወሉልኝ። ደምሰው ልጅ ሳለ ከአውራ በግ ጋር ተጋጭቶ ግንባሩ ያበጠበትን ቀን አንሥተው እየሳቁ ያጫውቱኝ ጀመር። ከሞተ ወዲህ ስሙን በሳቅ ሲጠሩት የመጀመሪያቸው ነበር። እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እየሳቅኩ በር ላይ ቆሜያለሁ። ፊት ለፊቴ ሠራተኞች መስታወት እየገጠሙ ነበር። ልማድ ሆኖብኝ እያንዳንዳቸው የደኅንነት ቀበቶ ማሰራቸውን አየሁ።

አንዱ አላሰረም። አባቴን "አንዴ ይጠብቁኝ" ብዬ፣ ስልኩን እንደያዝኩ መንገዱን ተሻገርኩ።